ክርክር፦ ለቤት ጥገና ስልክ መጠየቅ ወይስ ባለሙያ መጥራት?

አወያይ፦ ሰላም የአዳማ ልጆች። ስልክ ላይ ያሉት ቻትጂፒቲና ጀሚናይ የተባሉ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መተግበሪያዎች አሁን በአማርኛም ይመልሳሉ። ሰው የተበላሸውን ዕቃ ፎቶ አንስቶ «እንዴት ልጠግነው?» ይላል። ካቻቢቴ ይዞ የማያውቅ ሰው በዚህ ምክር ቤቱን ቢነካካ ልክ ነው? ምክንያታችሁን ከራሳችሁ ቤት አምጡ።

ተከራይዋ፦ ልክ ነው። ብቻዬን ነው የምኖረው። የሽንት ቤቱ ፍላሽ ሌሊቱን ሙሉ ያፈስ ነበር። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ ጠዋት ስነሳ ሮቶው ባዶ ነው። ሠራተኛ ጠራሁ። «ነገ» አለኝ፤ ሦስት ነገ አለፈ። ስልኬን ጠየቅሁ። «ታንኩ ውስጥ ቀለም ያለው ነገር ጨምሪና ውኃውን ሳትለቂ ጠብቂ፤ መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ የሚያፈሰው የታችኛው ጎማ ነው» አለኝ። የቀይ ሥር ውኃ ጨመርኩበት። ቀላ። ጎማውን ገዝቼ ቀየርኩ። አሁን አያፈስም።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እህቴ፣ በውኃው እስማማለሁ። ውኃ ቢበላሽ ወለል ያረጥባል። መብራት ግን ይገድላል። አንድ ልጅ ሶኬት ሊቀይር ስልኩን ጠይቋል። ፊቱ ያለው አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ሽቦ ነው። ስልኩ «ጥቁሩ ፌዝ ነው» ብሎታል፤ መብራት ይዞ የሚመጣው ማለት ነው። ይሄ የአሜሪካ ቤት ነው! እዚያ 120 ቮልት ነው፣ ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል፣ ማለትም መላሹ። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው። በድሮ ቤቶች ቀዩ ፌዝ፣ ጥቁሩ ኒውትራል ሆኖ ታገኙታላችሁ። በአዲሶቹ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ኧርዝ፣ ወደ መሬት የሚወርደው፣ ነው። እጁ የገባለትን ቀለም የዘረጋ ሠራተኛም ሞልቷል። ስለዚህ ቀለም አይታመንም፤ ቴስተር ነው የሚታመነው። ልጁ ስልኩን አምኖ ቀዩን ሊይዝ ሲል አባቱ ደርሰው ነው ቆጣሪውን ያጠፉት።

ምጣዱንስ? የእንጀራ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ነው። «ብሬከር እየወደቀ አስቸገረኝ» ስትሉት፣ ምጣድ እዚያ መስመር ላይ እንደተሰካ ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል? ሰዉ ደግሞ ብሬከሩን በትልቅ ይቀይራል። ቀጭኑ ሽቦ እዚያው ነው። ያኔ ብሬከሩ አይወድቅም፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ይቃጠላል።

የጭቃ ቤት ልጅ፦ እኔ መደርደሪያ ልሰቅል ነበር። «ማግኔት ግድግዳው ላይ አንሸራት፤ ምስማር የሳበበት ቦታ ቋሚ እንጨት አለ፤ ቀጣዩ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው» አለኝ። የጂፕሰም ግድግዳ መስሎታል። «ቤቱ ጭቃ ነው፣ ቋሚና ማገሩ ባሕር ዛፍ ነው» ስለው ግን ምክሩን ቀየረ። እያንኳኳህ ድምፁ ድፍን የሚልበትን ፈልግ፣ መጀመሪያ በቀጭን ምስማር ሞክር አለኝ። መደርደሪያው እስካሁን አልተነቃነቀም። እኛም ቤታችንን በደንብ እንንገረው።

ግንበኛው፦ ልጆቼ፣ በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ሲንቀጠቀጥ አዳማም ተሰምቶናል። ከዚያ ወዲህ ስንጥቅ ያየ ሁሉ ስልኩን ይጠይቃል፤ «በስቱኮ ሙላው» ይባላል። የልስን ስንጥቅ ከሆነ፣ ፀጉር የምታህለው፣ ይሁን። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣው ግን ሌላ ነው። ስቱኮ ይሸፍነዋል እንጂ አይዘውም። ስንጥቁ ላይ ትንሽ ጄሶ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። ከወር በኋላ ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው፤ መሐንዲስ ይየው። አንድ ፎቶ ይህን አያሳይም።

ተከራይዋ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን ባለሙያ ሁሉ እንደ እናንተ አይደለም። ቆጣሪ ሳያጠፋ ሶኬት የሚፈታ ሠራተኛ እኔው ቤት አይቻለሁ። ስልኩ ቢያንስ «ዋናውን አጥፊ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሰውየውን ያስቆምኩት ያንን አንብቤ ስለነበር ነው። ሴት ብቻዋን ስትሆን ደግሞ «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ይሏታል። አሁን የዕቃውን ስም አውቃለሁ፣ ጥያቄም እጠይቃለሁ።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ይህንን አልክድም። እኛ ውስጥ የሚያሳፍር ሥራ የሚሠራ አለ። ሠራተኛውን ለመጠየቅ ከሆነ ስልኩን አንብቡ፤ ደስ ይለኛል። ሽቦ ለመንካት ግን አሁንም አይሆንም እላለሁ።

ተከራይዋ፦ እንግዲያው አንድ ልጠይቅዎት። ምጣዴ የሚሰካበት ሶኬት ይግላል፣ ፕላስቲኩም ጠቁሯል። ስልኩ «ሶኬቱን ቀይሪው» ብሎኛል። ልቀይረው?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ እንዳትነኪው። ከዛሬ ጀምሮ ምጣዱን አትሰኪበት። ሽቦው ላልቶ ወይም ለምጣዱ ቀጥኖ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ አዲሱም ሶኬት ይጠቁራል። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ከቆጣሪ ጀምሮ ያለውን መስመር ሳላይ ሶኬት አልቀይርልሽም።