ለአንድ ሴሚስተር ወደ ፍራይቡርግ፦ አንድ ዓመት ያስቀረኝ ይሆን?

የአቶቴ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሐዋሳ ውስጥ የደን ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በኢራስመስ የልውውጥ ፕሮግራም ለአንድ ሴሚስተር ጀርመን፣ ፍራይቡርግ ሄጄ እንድማር ተመርጫለሁ። እነሱ «የክረምት ሴሚስተር» ይሉታል፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ስለሆነ በእኛ በጋ ነው።

ደስታዬ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን የክፍላችን ተጠሪ «ኮርሶቹስ?» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በእኛ ትምህርት ክፍል አንድ ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እዚያ የተማርኩት ካልተያዘልኝ ከእኔ በኋላ ከመጡት ጋር ተቀምጬ እንደገና ልማር ነው። ጓደኞቼ ጋውን ለብሰው ሲመረቁ እኔ ፎቶ አንሺ ልሆን ማለት ነው። አባቴ «ሂጂ፣ አንድ ዓመት ምን አላት» ይላል። እናቴ የኮርሱ ነገር አላስጨነቃትም፤ ቂቤና ቋንጣ እያዘጋጀች ነው።

ሄዳችሁ የተመለሳችሁ፣ ኮርሱ እንዴት ተያዘላችሁ? ደግሞስ ባንክ ውስጥ ብዙ ዩሮ ማሳየት አለብሽ የሚሉኝ እውነት ነው?

ጥቁሩ ደን

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። እኔ ስለ ገንዘቡ ብቻ ልመልስ። በራሱ ወጪ የሚሄድ ተማሪ በዝግ ሒሳብ፣ ማለትም ገንዘቡ በየወሩ ተከፋፍሎ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ፣ በወር 992 ዩሮ፣ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። የሚያስፈራሩሽ ይህን ሰምተው ነው። ስኮላርሺፕ ላለው ሰው፣ ገንዘቡ ከበቃ፣ የስኮላርሺፑ ደብዳቤ የዝግ ሒሳቡን ቦታ ይይዛል። በወር ስንት እንደሚከፈልሽና ለስንት ወር እንደሆነ በግልጽ መጻፉን ብቻ አረጋግጪ።

ሌላም የሚያስደነግጥ ቁጥር ታገኚያለሽ። ፍራይቡርግ ያለችበት የባደን ቩርተምበርግ ግዛት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። በዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት የሚመጣ የልውውጥ ተማሪ ግን ይህን አይከፍልም።

ከተማዋን ትወጃታለሽ። በአሮጌው ከተማ መንገዶች ዳር ቤኽለ የሚባሉ ጠባብ የውሃ ቦዮች ይፈስሳሉ፤ ሳያስብ እግሩን የነከረ ሰው የፍራይቡርግ ሰው ያገባል ይባላል። ከትልቁ የተማሪዎች መኖሪያ አጠገብ ሐይቅ አለ። ለሐዋሳ ልጅ ግን ኩሬ ነው።

ከታቦር ሥር

እህቴ፣ እኔ በ2015 ዓ.ም. ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ባለች አነስተኛ ከተማ አንድ ሴሚስተር ተምሬ መጥቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ቪዛ ነው። እኔን ያንገላታኝ ግን ቁጥር ነው።

የውጤት ወረቀቴ በሚያዝያ ደረሰኝ። ሦስት ኮርስ፦ 1.3፣ 1.7 እና 2.0። በጀርመን ከሁሉም የሚበልጠው ውጤት 1.0 ነው፤ 4.0 ለጥቂት ማለፍ፣ 5.0 መውደቅ። ወረቀቴን በፕላስቲክ አድርጌ በኩራት ወደ ሬጅስትራር መስኮት ሄድኩ። ተረኛው ሰውዬ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው 1.3 ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከዚያ ከኋላዬ የተሰለፉት እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አይዞሽ ልጄ፣ የሰው አገር ትምህርት ከባድ ነው» አሉኝ። አስረዳኋቸው። «እና አራት ያመጣው ልጅ ሰነፍ ነው እያልሽኝ ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ወረቀቱን በቀስታ ወደ እኔ ገፉት። የውጤት አሰጣጡ ማብራሪያ ከጀርባው ተጽፎ ነበር፤ በጀርመንኛ! ጉዳዩ የተፈታው በሐምሌ ነው።

ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት የትምህርት ስምምነት ሰነዱን ጨርሺ። ሦስት ፊርማ አለው፦ የአንቺ፣ የእኛ ዩኒቨርሲቲና የእነሱ። ፊርማው ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው የእነሱ ኮርስ በየትኛው የእኛ ኮርስ ቦታ እንደሚያዝና ቁጥራቸው ወደ እኛ እንዴት እንደሚቀየር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ከሥሩ ይያያዝ። «ስትመለሺ እናየዋለን» ካሉሽ ከወንበሩ አትነሺ።

ሁለተኛ፣ ኮርሶቹ በምን ቋንቋ እንደሚሰጡ አንድ በአንድ እዪ። እኔ በርዕሳቸው ተማርኬ አምስት መረጥኩ፤ ሁለቱ በጀርመንኛ ብቻ ሆነው ተገኙ። እዚያ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት በአብዛኛው በጀርመንኛ ነው፤ እንግሊዝኛው የሚበዛው በማስተርስ ነው። ለኮርስ መመዝገብና ለፈተና መመዝገብም ለየብቻ ናቸው። የፈተናው ምዝገባ የራሱ ቀነ ገደብ አለው፤ ካለፈሽ ሴሚስተሩን ሙሉ ተምረሽም ቢሆን አትፈተኚም።

እንደደረስሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻሽን በከተማው ጽሕፈት ቤት ታስመዘግቢያለሽ። ለዚያ ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ የሚባል የአከራይ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ስሙን አንብበሽ እስክትጨርሺ ባጃጅ ከአቶቴ ፒያሳ ይደርሳል። የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ብዙ ጊዜ ይህን ምዝገባ ስለሚጠይቁ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሆን ዩሮ በእጅሽ ይኑር።

ሰዓታቸውንም ተጠንቀቂ። ለመኖሪያ ፈቃድ በስልክ «ሃልብ ጼን» ቀጠሩኝ። ሃልብ ግማሽ፣ ጼን ዐሥር፤ ዐሥር ተኩል ነው ብዬ በእነሱ 10:20 ላይ ደረስኩ፣ በእኛ አራት ሰዓት ከሃያ መሆኑ ነው። ለካ ሃልብ ጼን «ወደ ዐሥር ግማሽ የቀረው» ኖሯል፤ ዘጠኝ ተኩል! ሴትዮዋ የግድግዳውን ሰዓት አየች፣ እኔን አየች፣ ሌላ ቀጠሮ ጻፈችልኝ። ከአምስት ሳምንት በኋላ። በሌላ በኩል ትምህርቱ 10 ሰዓት ተብሎ አጠገቡ ሁለት ፊደል፣ ሲ እና ቲ፣ ካየሽ የሚጀምረው 10:15 ነው። በአገሩ ሁሉ የተፈቀደችው መዘግየት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ለእናትሽ ደግሞ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው፦ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ ያዢ።

አንድ መምህር

ልጄ፣ ከላይ ያለችው እህትሽ ያለችው ልክ ነው፤ እኔም ከጠረጴዛው በዚህኛው ወገን ሆኜ አይቼዋለሁ። የትምህርት ክፍል ኃላፊን በቃል ማስማማት ዋጋ የለውም። ኃላፊ ይቀየራል፣ ቃለ ጉባኤ ይቀራል። ማመልከቻሽን የየኮርሱን ዝርዝር ይዘት አያይዘሽ አስገቢና በክፍሉ ጉባኤ ይታይ።

ውጤትን ለመቀየር ጀርመኖች ራሳቸው የተሻሻለ የባቫሪያ ቀመር የሚሉት አላቸው። የእኛን ከፍተኛ 4.0፣ ማለፊያውን 2.0 ይዘን ወደ ኋላ ብናሰላው የዚያች ልጅ 1.3 ወደ 3.8 ይመጣል። ሰውዬው «አይዞሽ» ያሉት በ3.8 ነው!

አንድ ነገር ልጨምር። የእነሱ ትምህርት የሚያበቃው በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ነው፤ ፈተናው ግን እስከ መጋቢት ሊዘልቅ ይችላል። የእኛ ሁለተኛ ሴሚስተር ያን ጊዜ ሊጀመር ስለሚችል ዘግይቶ የመመዝገብ ፈቃድ ከአሁኑ በደብዳቤ ጠይቂ።

የዳኑብ ዳር

እኔ የነበርኩት ቪየና ነው። ኦስትሪያም 1 ከፍተኛው ነው፣ እዚያም 5 መውደቅ ነው። ሁላችሁም ስለ ወረቀት ብቻ ስታወሩ ልጅቷን አስፈራራችኋት። እኔ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀርቼ ነው የተመረቅሁት፤ አልሞትኩም። እኔን ያሸነፈኝ እሑድ ነው። ሱቅ ዝግ፣ መንገዱ ጭር፣ በታኅሣሥ ገና ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ጨለማ። ቅዳሜ ዳቦ ሳልገዛ ቀርቼ እሑድን በቆሎ ብቻ የዋልኩበት ቀን አለ። ቆሎውን አብዢው።

የአቶቴ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ እንደነገሩኝ አድርጌያለሁ። ዛሬ ጠዋት ማመልከቻውን ከአራት ኮርስ ዝርዝር ጋር አስገባሁ፤ አንዱ በጀርመንኛ ብቻ ሆኖ ስላገኘሁት አስቀድሜ በሌላ ተካሁት። ጉባኤው ሐሙስ ይቀመጣል ተብያለሁ። ከእኛ ስድስት ኮርሶች ሁለቱ አቻ የላቸውም። እነሱን በቀጣዩ ዓመት ከታች ካሉት ጋር እወስዳለሁ፤ ሁለት ከስድስት ይሻላል።

ስለ ቂቤው ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ቀድሞ ተነጥሯል አለች። በርበሬው ውስጥ ተለውሶ ቢሄድስ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች።

ከታቦር ሥር

አይቻልም። የተለወሰም ቂቤ ቂቤ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ተቀባይ ካስፈለገ ግን እኔ አለሁ።