ጥያቄ፦ የአየር ማጣሪያው ቀይ መብራት አልጠፋ አለ፣ እባካችሁ ቶሎ!

የደሴ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ህንድ ነው ያለሁት፣ ከተማው በጭስ ተሸፍኗል። የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ አስም አለባት። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሳሉ አላስተኛትም። ዛሬ ተዋጥተን ኤር ፑሪፋየር ገዛን። ከሰካነው ቆይቷል፣ መብራቱ ግን አሁንም ቀይ ነው፣ የአየሩን ብክለት የሚያሳየው ቁጥርም ከ300 አልወርድ አለ። ሱቁ ዘግቷል። የተበላሸ ነው የሸጡልን? መስኮቱ ዝግ ነው። ጭሱን እንዲያወጣልን የመታጠቢያ ቤቱን ኤግዞስት ፋንም ከፍተነዋል።

ቪዛግ ነኝ
የት ከተማ ነሽ? ህንድ እኮ ሰፊ አገር ናት። እኔ ጋ ባሕሩ ዳር ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሰሜኖቹ ጋ በብርድ ጊዜ ጉም አይጠፋም፣ እሱ እንዳይሆን። ወይ ማሽኑንም ጉንፋን ይዞታል 😄

የደሴ ልጅ (ጠያቂ)
ፓቲያላ ነኝ፣ ፑንጃብ። ጉም አይደለም ወንድሜ፣ ዓይን ያቃጥላል።

ነርሷ
እህቴ፣ ማሽኑን ተዪውና መጀመሪያ ልጅቷን እያት። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጥ ትጨርሳለች? ከንፈሯ ወይም ጥፍሯ ሰማያዊ ሆኗል? ሰማያዊውን ኢንሄለር፣ እዚያ አስታሊን የሚባለውን፣ ከነፋች በኋላ ቀለል ይላታል? ካልቀለላት ወይም መናገር ካቃታት ነገ አትበሉ። አሁኑኑ 108 ደውሉና ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። በየቀኑ የምትወስደው ሌላ ኢንሄለር ታዞላት ከሆነ ደግሞ ሲሻላት እንዳታቋርጠው። ሰማያዊው ለጊዜው ነው የሚያስታግሰው።

የአርሲው
ጭሱ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ፑንጃብ የከርሰ ምድር ውኃዋ እያለቀ ነው። በፈረንጆቹ 2009 የወጣ ሕግ ገበሬው ከጁን 10 በፊት ሩዝ ተክሎ ውኃ እንዳይጨርስ ከለከለ። ለውኃው ጥሩ ነው። ግን አጨዳውም አብሮ ወደ ኦክቶበርና ኖቬምበር ተገፋ። ስንዴ ለመዝራት የሚቀረው ሁለት ሦስት ሳምንት ነው። ኮምባይነር አጭዶ ሲያልፍ ረጅም አገዳ መሬት ላይ ይቀራል። እዚያ ፓራሊ ይሉታል። እኛ አገር ገለባ ለከብት ነው፣ ክምሩን የሚያቃጥል የለም። የእነሱ የሩዝ ገለባ ግን ሲሊካ ስለሚበዛው ለመኖ አይፈለግም። አገዳው መሃል ስንዴ የሚዘራ ሃፒ ሲደር የሚባል ማሽን አለ፣ ለትንሽ ገበሬ ግን ውድ ነው። ስለዚህ ክብሪት ይጭራል። ገበሬውን ከመስደባችን በፊት ይህን እንወቅ።

ቻንዲጋር ያለሁ
ጋሼ፣ ትምህርቱን እናመሰግናለን፣ ልጅቷ ግን እየሳለች ነው። የገበሬው ጭስ ብቻም አይደለም። የጡብ ምድጃው፣ መኪናው፣ የዲዋሊ በዓል ርችቱ፣ ማንዲ ጎቢንድጋር ያሉት የብረት ፋብሪካዎች፣ ሁሉም አለበት። ጭሱን የሚያፍነው ደግሞ ብርዱ ነው። ሌሊት መሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ሞቅ ያለ አየር ይከድነዋል፣ ነፋስ ከሌለ ጭሱ መውጫ ያጣል። ለዚህ ነው ማታና ጠዋት የሚብሰው።

ሰላም ነው
መስኮቱን ዝጊ። እኔ መስኮት በመዝጋት ብቻ ነው ያለፍኩት።

የደሴ ልጅ (ጠያቂ)
ዝግ ነው አልኩ እኮ። ነርሷ፣ ትናገራለች፣ ኢንሄለሩም ቀለል አድርጎላታል። ባሕር ዛፍ አፍልተን እናጥናት? ቡናም ልናፈላ ከሰል አያይዘናል፣ ትንሽ ይሞቃታል ብለን።

ነርሷ
ከሰሉን አሁኑኑ ከክፍሉ አውጡት! በተዘጋ ክፍል ከሰል ይገድላል። ጋዙ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ መስሏችሁ ነው የሚወስዳችሁ። ባሕር ዛፉም ይቅር፣ ሽታው አስም ሊቀሰቅስባት ይችላል። ዕጣን፣ አጋርባቲ የሚሉት የዕጣን እንጨት፣ የትንኝ ጥቅልል፣ አንዱም አይጨስ። ቡናውን በኤሌክትሪክ አፍሉ።

የቀድሞ ተማሪ
እኔ ማሽኑ ተበላሽቷል በሚለው አልስማማም። አልተበላሸም። ኤግዞስቱን አጥፉት። ያንን ሁሉ አየር ወደ ውጭ ሲገፋ በምትኩ የውጭው ጭስ በበርና በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። ጭስ እያስገባችሁ ጭስ ማጣራት ሆነ። ከበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ጠቅጥቁ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ከጀርባው ያለውን ክዳን ከፍታችሁ አይታችኋል? አዲስ ፊልተር ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ፊልተሩን አውጡ፣ ፕላስቲኩን ቅደዱ፣ መልሱት። ብዙ ሰው ሳይቀድ ያበራዋል፣ ማሽኑም በባዶው ይጮሃል።

ቪዛግ ነኝ
ፕላስቲኩ! እኔ በፍሪጅ አይቻለሁ፣ የውስጡን ካርቶን ሳያወጣ የተጠቀመ ሰው አለ 😄

ሰላም ነው
መስኮት መዝጋቱንም አትርሱ።

ቻንዲጋር ያለሁ
መቼም አትክፈቱ አይባልም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲጠነክር ጭሱ ትንሽ ከፍ ይላል። የአየሩን ብክለት በቁጥር የሚያሳየውን፣ ሳሚር የሚባለውን የመንግሥት አፕ አውርዱ። ቁጥሩ ወረድ ካለ ለጥቂት ጊዜ ክፈቱ፣ ከዚያ ዝጉ። በህንድ የአየር ብክለት መለኪያ ከ301 እስከ 400 በጣም መጥፎ ነው፣ ከ401 በላይ ከባድ። አንድ ነገር እወቁ፣ የህንድ መስፈርት ለደቃቁ ብናኝ፣ ለፒኤም 2.5፣ በቀን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 60 ማይክሮግራም ይፈቅዳል። የዓለም ጤና ድርጅት 15 ነው የሚለው። አፑ አጥጋቢ ነው ቢላችሁም እሷን ሊያስላት ይችላል። ስትወጣ ኤን95 የሚባለውን ማስክ ታድርግ፣ አፍንጫዋ ላይ በደንብ ይጠበቅ። የጨርቁ ማስክ ለዚህ ብናኝ አይረባም። ቤቱንም በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ።

የአርሲው
ልጄ፣ ልክ ነሽ፣ አረዘምኩት። ልጅቷ እንዴት ናት?

የቀድሞ ተማሪ
የደሴዋ፣ ፕላስቲኩ ነበረ?

አዲስ ገቢ
ይቅርታ፣ እኔም ልጠይቅ። በሚቀጥለው ወር ፓቲያላ እገባለሁ፣ አስም የለብኝም። ፑሪፋየር የግድ ነው? ብሩ ትንሽ ነው ያለኝ።

ነርሷ
የግድ አይደለም። መጀመሪያ ኤን95 ግዛ። ስፖርትህን ከጠዋት ወደ ከሰዓት ቀይረው። መሣሪያ የምትገዛ ከሆነ የክፍልህን ስፋት ለክተህ ሂድ፣ ለትንሽ ክፍል የተሠራው ሰፊ ክፍል አያጸዳም። የደሴዋ፣ ከሰሉ መውጣቱን ብቻ በአንድ ቃል ጻፊልኝ።