የእንጀራ እናቲቱና የአንበሳው ጎፈር፦ ለትንንሽ ልጆች በ16 ገጽ እንዴት ይዘጋጅ?

የሰላም እናት፦
ጤና ይስጥልን። ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች መምህሯ ጮክ ብላ የምታነብላቸው አነስተኛ የሥዕል መጽሐፍ በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። አራት የኤ4 ወረቀት መሃል ለመሃል ታጥፎ 16 ገጽ ይሆናል። ስለ ቤተሰብና ወዳጅነት የሚናገር፣ እንስሳም ያለበት እንዲሆን ስለተፈለገ ሁለት ተረቶች ቀርበዋል። አንደኛው የነጩ፣ የቀዩና የጥቁሩ በሬ፣ ሁለተኛው የእንጀራ እናቲቱና የአንበሳው ጎፈር ነው። ለዚህ ዕድሜ የትኛው ይሻላል? በገጽ ስንት ዓረፍተ ነገር ይበቃል? አንድ ያስቸገረን ነገር ደግሞ አለ፦ የአንበሳው ረቂቅ ሲነበብ ልጆቹ እስከ ጫካው ድረስ ጸጥ ብለው ይሰሙና መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ጋ ሲደርስ ወሬ ይጀምራሉ።

ፊደል ቆጣሪ፦
እህቴ፣ የአንበሳውን ያዙ። የሦስቱ በሬዎች ተረት ግሩም ነው፤ ነገር ግን ለመረዳት ተንኮሉን መከተል ይጠይቃል። አውሬው «ነጩ በሌሊት ስለሚታይ ያስበላችኋል» ብሎ ሁለቱን ሲያሳምን፣ ከዚያ በቀዩ ላይ ጥቁሩን ሲያሳምን፣ የ5 ዓመት ልጅ የሚያየው በሬዎቹ አንድ በአንድ ሲበሉ ብቻ ነው። ሦስተኛውን በሬ እናድነው ካላችሁ ደግሞ ተረቱ ይፈርሳል፤ የቆመው ማንም ባለመትረፉ ላይ ነውና። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ክፍል አቆዩት፤ በዚያ ዕድሜ ልጆች በበሬዎቹ ይናደዳሉ፣ ለምን እንደተናደዱም መናገር ይችላሉ።

የአንበሳው ግን ሁሉም ነገር በዓይን ይታያል። እናቱ የሞተችበት ልጅ የእንጀራ እናቱን አልቀርብም ይላል፤ እሷ ሽማግሌ ዘንድ ትሄዳለች፤ ሽማግሌው «ከአንበሳ ጎፈር ሦስት ጠጉር አምጪልኝ» ይላታል፤ እሷም ሥጋ እያቀረበች በየቀኑ ትጠጋለች። አንድ ድርጊት እየተደጋገመ በያንዳንዱ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። ትንሽ ልጅ የሚወደው ይህንን ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ቀድሞ ያውቀዋል።

ገጾቹን እንዲህ አከፋፍሉ። 1 ሽፋን፣ 2 የአዘጋጆች ስም፣ 16 የጀርባ ሽፋን ነው። ለታሪኩ 13 ገጽ ይቀራል። ገጽ 3 ላይ ልጁ ለመሶቡ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ። 4 እና 5 የሽማግሌው ጥያቄ ነው። 6 ላይ ሥጋውን ከሩቅ አስቀምጣ ትሸሻለች፤ 7 ላይ ቀረብ ትላለች፤ 8 እና 9 ላይ አንበሳው አጠገቧ ይበላል። 10 እና 11 ጠጉሩን የምትነቅልበት ነው። 12 እና 13 ወደ ሽማግሌው መመለሷ፣ 14 እና 15 ከልጁ ጋር ነው። በገጽ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ በያንዳንዱ ከአራት እስከ ስድስት ቃል። ጠቅላላው ከ150 ቃል ካለፈ መቀነስ አለበት።

ልጆቹ መጨረሻ ላይ የሚበተኑት ሽማግሌው ስለሚናገር ነው። በቃል ሲተረት ተራኪው ፊቱንና እጁን እያንቀሳቀሰ ያንን ምክር ያሳምረዋል፤ ወረቀት ላይ ግን የሚታይ ነገር የለም፣ አንድ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ስለ ትዕግሥት የሚያስረዳውን ሁሉ አውጡት። ይህ ይበቃል፦

«አንበሳውን እንዴት አለመድሽው?»
«ቀስ ብዬ።»
«ልጁንም እንደዚያው።»

ከዚያ መምህሯ ገጹን ትገልጣለች። ቀሪውን ልጆቹ 14 እና 15 ላይ በሥዕሉ ያዩታል፤ እነዚህን ሁለት ገጾች ያለ ጽሑፍ ብትተዉአቸውም አይጎድልባቸውም።

የኬጂ መምህርት፦
በፊደል ቆጣሪ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ስለ ቋንቋው ልጨምር። በአማርኛ ስንጽፍ ግሱን መጨረሻ ላይ አስቀምጠን ከፊቱ አምስት ድርጊት መደርደር ይቀናናል፦ «ሴትዮዋ ሥጋውን ይዛ ጫካ ሄዳ ከዋሻው ራቅ አድርጋ አስቀምጣ ዛፍ ላይ ወጥታ ስትጠብቅ አንበሳው መጥቶ በላ።» አዋቂ ይከተለዋል። ልጅ ግን ማን ምን እንዳደረገ ሳይለይ ያልቅበታል፣ አንባቢዋም ትንፋሽ ያጥራታል። ቆራርጡት፦ «ሴትዮዋ ሥጋ ይዛ ሄደች። ከሩቅ አስቀመጠችው። ዛፍ ላይ ወጣች። አንበሳው መጣና በላ።» በሚቀጥለው ገጽ «ከሩቅ» የሚለው ብቻ «ቀረብ አድርጋ»፣ ቀጥሎ «አጠገቡ» ይሁን፤ ሌላው ቃል በቃል ይደገም። ለማሳመር ብላችሁ «አስቀመጠች» የሚለውን አንዴ «አኖረች» አንዴ «አደረገች» አትበሉ፤ ልጆቹ አብረው ማለት የሚጀምሩት ዓረፍተ ነገሩ ሳይለወጥ ሲመጣ ነው።

ትረካው በኃላፊ ጊዜ ይሁን። «አንበሳው ይበላል» ተብሎ ሲጻፍ የሚጠብቅና የሚላላው ፊደል ስለማይለይ፣ ማንበብ የጀመረ ልጅ አንበሳውን ሌላ እንደሚበላው አድርጎ ሊያነበው ይችላል። «በላ» ካላችሁ ችግሩ የለም። ሀሌታው «ሀ»ም ሐመሩ «ሐ»ም ቢሆን አንዱን ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ዓይነት አትጻፉ።

ገጽ 3 አናት ላይ «ተረት ተረት» የሚለውን ብቻ ሳይሆን «የላም በረት» የሚለውንም በሌላ ቀለም አትሙት፤ አንባቢዋ መመለሱን የልጆቹ ድርሻ አድርጋ ትተውላቸዋለች። ጀርባው ላይ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይግባ። «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» የሚል ጥያቄ ግን አታትሙ። ልጆቹ አንበሳውን እያሰቡ ሳሉ ፈተና ይሆንባቸዋል። መጠየቅ ከተፈለገ «ልጁ በመጀመሪያ የት ነበር የተቀመጠው?» ይባል፤ ወደ ሥዕሉ ተመልሰው ይፈልጉታል።

የሰላም እናት፦
በጣም እናመሰግናለን። ልጁ የእንጀራ እናቱን ምን ብሎ ይጥራት? መጨረሻ ላይ «እማዬ» እንዲላት አስበን ነበር።

የኬጂ መምህርት፦
እኔ ብሆን አላደርገውም። ከሚሰሙት ልጆች መሃል እናቱን ያጣ ወይም ከእንጀራ እናት ጋር የሚኖር ሊኖር ይችላል፤ የእናቱን ስም ለሌላ እንዲሰጥ የተጠየቀ ይመስለዋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እትዬ» ይበላት። ለውጡ በማዕዱ ይታይ፦ ገጽ 3 ላይ ጀርባውን ሰጥቷል፣ 14 ላይ ወደ መሶቡ ዞሯል፣ 15 ላይ ከእጇ ጉርሻ ይቀበላል።

ቀለምና ብሩሽ፦
ስለ ሥዕሉና ኅትመቱ፦ ሁለቱን ገጽ የሚይዝ ትልቅ ሥዕል 8 እና 9 ላይ ብቻ ይሁን። እነዚህ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ስለሚታተሙ መስመሩ አይዛነፍም። በሌሎቹ ግን ግራና ቀኙ በተለያየ ወረቀት ላይ ስለሚወድቅ የአንበሳው ወገብ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ከፍና ዝቅ ይላል።

አንበሳውን ቢጫ ጎፈር አታድርጉት። ስድስት ኪሎ የነበሩት የአዲስ አበባ አንበሶች የሚታወቁት እስከ ደረትና ሆዳቸው በሚወርድ ጠቆር ባለ ጎፈር ነው። ጥቁር ጠጉር በሴትዮዋ ነጭ ነጠላ ላይ ሲቀመጥም ከሩቅ ይታያል። ልጁ በጫካው ገጾች ላይ ጨርሶ ከጠፋ ታዳሚዎቹ ይረሱታል፤ በየገጹ ጥግ፣ ከቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ትንሽ አድርጋችሁ ሳሉት።

የፊደሉ መጠን ከ18 ነጥብ አይነስ። «ሱ» እና «ሲ» የሚለዩት በትንሽ ቅጥያ ስለሆነ ፊደሉ ሲያንስ ልጅ ያምታታቸዋል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው ፊደል በነጻ ይገኛል፣ ቅጥያውም ግልጽ ነው። ስታትሙ «ቡክሌት» የሚለውን መርጣችሁ ወረቀቱ በአጭሩ ጎን እንዲገለበጥ አድርጉ፤ በረጅሙ ከሆነ ግማሹ ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል።

ለዚህ ዕድሜ ስቴፕለር አትጠቀሙ፤ ተራው እስከ መሃል አይደርስም፣ ሽቦው ሲላቀቅም ጣት ይወጋል። በወፍራም ክር ስፉት። እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ ብሱ፤ አንዱ መሃል ላይ፣ ሁለቱ ከሱ 6 ሴንቲሜትር ወደ ላይና ወደ ታች። መርፌው ከውስጥ በመሃሉ ይውጣ፣ በላይኛው ይግባ፣ በታችኛው ይውጣ፣ በመሃሉ ተመልሶ ይግባ፤ ሁለቱ የክር ጫፎች በረጅሙ ስፌት ግራና ቀኝ ሆነው እሱን አቅፈው ይቋጠሩ። ብዙ ቅጂ ከማባዛታችሁ በፊት አንድ በእርሳስ የተሳለ ናሙና ሰፍታችሁ መምህሯ ታንብበው፤ ቋጠሮው 8 እና 9 መሃል ላይ ስለሚያርፍ የአንበሳውን ፊት ከዚያ ማራቅ አለባችሁ።