ፒዲኤፍ ፋይል ሁልጊዜ በአክሮባት ሪደር እንዲከፈት ማድረግ እንዴት ይቻላል?

ጥያቄ (ከደሴ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በምሠራበት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ኮምፒውተር አለን። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሞጁላቸውን በፍላሽ ይዘው ሲመጡ ፒዲኤፉ በኤጅ (ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው የኢንተርኔት ማሰሻ) ይከፈታል፤ እኔ ግን ገጾቹን ሁለት ሁለት እያደረገ በቡክሌት መልክ የሚያትምልኝ ሪደር ስለሆነ በእሱ እንዲከፈት እፈልጋለሁ። ራይት ክሊክ አድርጌ «ኦፕን ዊዝ» ከሚለው ውስጥ ሪደርን ብመርጥም ለዚያ ፋይል ብቻ ይሠራና ቀጣዩ ተመልሶ በኤጅ ይከፈታል። እንዲጸና ምን ላድርግ?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦
ከ«ኦፕን ዊዝ» ዝርዝር የፕሮግራሙን ስም በቀጥታ መጫን የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዝርዝሩ ግርጌ ያለውን «ቹዝ አናዘር አፕ» ከፍተው ሪደርን ይምረጡና «ጀስት ዋንስ» የሚለውን ትተው «ኦልዌይስ» የሚለውን ይጫኑ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ፕሮግራሞች ያለ ተጠቃሚው ምርጫ ራሳቸውን ዋና ከፋች እንዳያደርጉ ስለተከለከሉ፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ሪደርን አጥፍቶ እንደገና መጫን ትርፉ ድካም ነው።

መልስ (ከደሴ)፦
ከላይ በተባለው ላይ ልጨምር። ይህ ምርጫ የሚመዘገበው በተጠቃሚው አካውንት ሥር ስለሆነ፣ ከባልደረባዎ ጋር እየተፈራረቃችሁ በተለያየ አካውንት የምትገቡ ከሆነ እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ማስተካከል ይኖርባችኋል።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በፍላሽ የሚመጡት ተስተካክለዋል። ሆኖም ተማሪዎቹ በኢሜይል የሚልኩልንን በኤጅ ስከፍት አሁንም እዚያው ኤጅ ውስጥ ይታያል።

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦
ያ ከዊንዶውስ ምርጫ ጋር አይገናኝም። ኢሜይሉን የከፈቱት በኤጅ በመሆኑ ፒዲኤፉንም በራሱ ማንበቢያ ያሳይዎታል እንጂ የትኛው ፕሮግራም ይክፈተው ብሎ ዊንዶውስን አይጠይቅም። ኤጅ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው በመፈለጊያው ሳጥን ፒዲኤፍ የሚለውን በላቲን ፊደል ይጻፉ፤ ፒዲኤፍ ፋይሎችን ሁልጊዜ ዳውንሎድ እንዲያደርግ የሚያዘውን ያብሩት። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ ከዚያ ሲከፍቱት በሪደር ይመጣል። የደንበኞች ጽሑፍ እዚያ እየተከማቸ ስለሚሄድ (የሰው ጥናት ደግሞ ማንም እንዲያየው የሚተው አይደለም) አትመው ሲጨርሱ ያጥፉት።