የራቭ4 የኋላ በር ሽቦ በየት በኩል ያልፋል?

ጥያቄ፦
እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2005 በተሠራው የቶዮታ መኪና ራቭ4 ላይ የኋላ መጥረጊያው፣ የመስታወት ማሞቂያውና የበሩ ሎክ ባንዴ ቢጠፉ ፍተሻው ከየት ይጀመራል? ፊውዞቹ ደህና ናቸው እንበል። የውስጥ ሽፋኑን ሁሉ ሳያወልቁ መለየት ይቻላል?

መልስ 1፦
ይቻላል። በሩ የታሰረው በስተቀኝ ስለሆነ የሽቦው ጥቅልም ከቀኙ የኋላ ምሰሶ ወጥቶ፣ ማጠፊያዎቹ አጠገብ ባለው የጎማ ቱቦ አልፎ ነው በሩ ውስጥ የሚገባው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦዎቹ እዚያው ይተጣጠፋሉ፤ ከዓመታት በኋላ መዳቡ ይበጠሳል። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር የሚሠሩ ሦስት ነገሮች አብረው ከጠፉ የመጥረጊያ ሞተር ከመግዛት በፊት ይህን ጎማ ማየት ነው።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። የጎማውን ጫፎች ጨመቅ አድርጋችሁ ከቆርቆሮው አውጡና ወደ አንድ ወገን ሰብስቡት። በዓይን ብቻ አትፍረዱ፤ ልባሱ ደህና መስሎ ውስጡ የተቆረጠ ይኖራል። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፦ የተበጠሰው እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፣ ጤነኛው ንቅንቅ አይልም።

መልስ 2፦
ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበትን ሽቦ አስቀድሙ፤ በቶዮታ የኔጋቲቭ መስመር እሱ ነው። ለማረጋገጥ ባትሪውን መልሳችሁ፣ የመጥረጊያው ሞተር ሶኬት እንደተሰካ መጥረጊያውን አብሩና ሶኬቱ ጋ በዚህ ሽቦና በቦዲው መካከል በመልቲሜትር ለኩ። ዜሮ አካባቢ ካነበበ መስመሩ ደህና ነው። ወደ 12 ቮልት ከተጠጋ ተቆርጧል። ሶኬቱን ነቅላችሁ ከለካችሁ ግን ውጤቱ ያሳስታል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። የተበጠሰውን እዚያው በስታኞ በይዶ በናስትሮ መጠቅለል ይበቃል?

መልስ 1፦
አይበቃም። ስታኞ የገባበት ሽቦ ይደርቃል፤ በሚታጠፍ ቦታ ላይ ከሆነ ልክ ከብየዳው ጎን እንደገና ይሰበራል። የሚታጠፈውን ክፍል በሙሉ ቆርጣችሁ አውጡና ብዙ ቀጫጭን ክር ባለው ለስላሳ ሽቦ ተኩት። አንዱ መገጣጠሚያ ቦዲው ውስጥ፣ ሌላው በሩ ውስጥ ይሁን፤ ጎማው ውስጥ ምንም ብየዳ አይቅር። መገጣጠሚያዎቹን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር እያራራቃችሁ ሥሩ፣ አለዚያ ጥቅሉ አንድ ቦታ ላይ ያብጥና አይገባም። ቀለም እንዳይምታታ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላውን አትቁረጡ። የማሞቂያው ሽቦ ወፍራም ነው፤ በቀጭን ከቀጠላችሁት ይግላል።

መልስ 3፦
የላይኛው የፍሬን መብራት ሽቦም በዚሁ ጎማ ነው የሚያልፈው። ልባሱ ተልጦ ቆርቆሮ ከነካ ‹ስቶፕ› የሚለውን ፊውዝ ያቃጥላል፦ የፍሬን መብራቶቹ በሙሉ ይጠፋሉ፣ አውቶማቲክ ከሆነም ማርሹ ከ‹ፒ› (ከማቆሚያው) አልወጣ ይላል። ፍሬን መረገጡን የሚነግረው መስመር ስለሞተ ነው እንጂ ካምቢዮው ምንም አልሆነም። ካምቢዮ ከማስወረድ በፊት በሹፌሩ በኩል ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን የፊውዝ ሳጥን ክፈቱ። አዲሱ ፊውዝም ቢቃጠል አምፔር አትጨምሩ፣ ወደ ጎማ ቱቦው ሂዱ።