የሴቶች ትምህርት ቤት ድራማ ክበብ ልመራ ነው፣ የወንዶቹን ቦታ ማን ይጫወት? (ሌላም ጥያቄ አለኝ)

አዲሷ አስተባባሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሴቶች ብቻ በሆነ ትምህርት ቤት የቲያትርና ድራማ ፕሮግራሙን እንድመራ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ቲያትር በጣም ነው የምወደው፣ ግን ይሄን ሁሉ ተማሪ ሰብስቦ ማስተዳደር ሌላ ነገር ሆነብኝ። የተመዘገቡት ልጆች ክፍሉን ሞልተው ኮሪደር ላይ ቆመዋል፣ እጄ ላይ ያሉት ስክሪፕቶች ደሞ አስር ወንድና ሁለት ሴት ናቸው፣ ከሁለቱ አንዷ እናት ሆና ታለቅሳለች ሌላዋ ታፈቅራለች፣ በቃ። ርዕሰ መምህሩ ከወንዶች ትምህርት ቤት ልጆች እናምጣ የሚል ሀሳብ አላቸው፣ እኔ ልቤ አልተቀበለውም ግን ለምን እንደሆነ አጥርቼ ማስረዳት አቃተኝ።

ሌላው፣ ከበፊት ጀምሮ ክበቡ ውስጥ የነበሩ ሁለት ሶስት ጎበዝ ልጆች አሉ፣ ዋናውን ቦታ ሁሌ እነሱ ይወስዳሉ፣ የቀሩት ከኋላ ቆመው "ህዝብ" ይሆናሉ። ወላጆችም ልምምድ እያመሸ ነው ብለው ልጆቻቸውን ማስወጣት ጀምረዋል። ከየቱ ልጀምር? ረጅም መልስ ብትፅፉልኝ ደስ ይለኛል፣ ሁሉንም አነባለሁ።

መድረክ ወዳድ፦

እህቴ ልብሽ ልክ ነው። ወንዶቹ የመጡ ቀን ንጉሱም፣ ዳኛውም፣ ጄኔራሉም፣ ክፉው ሰውዬም ለእንግዶቹ ይሰጣሉ፣ ያንቺ ልጆች በገዛ መድረካቸው ላይ የሚያለቅሱትና የሚዳሩት ብቻ ሆነው ይቀራሉ። የሴቶች ትምህርት ቤት ለቲያትር ያለው ትልቁ ጥቅም እኮ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ንጉስ፣ ነፍሰ ገዳይ፣ ሽማግሌ፣ ሌባ ሆና መቆም የምትችልበት ቦታ መሆኑ ነው፣ ይሄን እድል በኋላ በህይወቷ ማን ይሰጣታል? ለርዕሰ መምህሩ ይሄን ንገሪያቸው።

ታሪክም ካስፈለጋቸው ሞልቷል። በጥንታዊት ግሪክ ሴቶቹን ገፀ ባህሪያት የሚጫወቱት ጭምብል ያጠለቁ ወንዶች ነበሩ፣ እንግሊዝ ውስጥም ሴቶች በህዝብ ቲያትር ቤቶች በሙያቸው መጫወት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1660 ነው፣ ከዛ በፊት ንግስቷም ሙሽራዋም ወጣት ወንዶች ነበሩ፣ ማንም አልተገረመም። ካቡኪ የሚባለውን የጃፓን ቲያትር በ1600ዎቹ መጀመሪያ የጀመረችው ኢዙሞ ኖ ኦኩኒ የምትባል ሴት ናት፣ የወንድ ቦታ ሳይቀር ትጫወት ነበር፣ በ1629 መንግስት ሴቶችን ከመድረክ ሲያግድ ነው ሁሉም ነገር የወንዶች የሆነው። እዛው ጃፓን ደሞ ታካራዙካ የሚባል ተዋናዮቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑ ቡድን አለ፣ የመጀመሪያ ትርኢቱን ያሳየው በ1914 ሲሆን ዛሬም እየሰራ ነው፣ የወንድ ቦታ የሚጫወቱትን ኦቶኮያኩ ይሏቸዋል፣ ከሁሉም በላይ አድናቂ ያላቸውም እነሱ ናቸው።

አሰራሩ ላይ ስንመጣ፣ ፂም አትለጥፊ። ልጅቷ ገና ስትወጣ ተመልካቹ ይስቃል፣ ያ ሳቅ ደሞ ቶሎ አይለቅም። ድምፅም አታወፍር፣ ጉሮሮዋን ጨቁና ስትናገር ቃሉ አይሰማም፣ በዚህ ከቀጠለች ድምጿ ይጎዳል። ከዛ ይልቅ ሰውዬውን አስጠኛት፣ ምን ይፈልጋል፣ ሲቆም ክብደቱን የቱ እግሩ ላይ ይጥላል፣ ሲቀመጥ ምን ያህል ቦታ ይይዛል፣ ሰው እስኪያልፍ ይጠብቃል ወይስ ሰው ነው መንገድ የሚለቅለት። በተለይ ስልጣን ያለው ገፀ ባህሪ ላይ ዙሪያው ያሉትን ነው ማለማመድ ያለብሽ፣ ንጉሱን ንጉስ የሚያደርጉት እሱ ሲገባ የሚያጎነብሱትና ወሬያቸውን የሚያቆሙት ናቸው። ይሄን ካገኙት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመልካቹ ሴት ወንድ የሚለውን ይረሳዋል።

ወይ ደሞ ገፀ ባህሪውን ራሱን ሴት ማድረግ ይቻላል፣ ዳኛው ዳኛዋ ይሆናል። እዚህ ጋ ግን ስም ቀይሮ ማለፍ የለም፣ ዳኛዋ ሴት ስትሆን ተከሳሹ እንዴት ያያታል፣ ፀሐፊው ይታዘዛታል ወይ፣ እነዚህን ከልጆቹ ጋር ተወያዩበት፣ አንዳንዴ ታሪኩ ከበፊቱ የበለጠ ይጠነክራል። ብቻ ስክሪፕት ከመቀየርሽ በፊት ፈቃድ ጠይቂ። የደራሲያንን መብት በሚያስጠብቀው ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት መሰረት የደራሲ መብት ቢያንስ ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፣ ብዙ አገሮች 70 አድርገውታል፣ ትምህርት ቤት ነን መግቢያ አናስከፍልም ማለት ብቻውን ሁሌ አያድንም።

ከመጋረጃ ጀርባ፦

እኔ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪ ሆኜ ቲያትር የጀመርኩት በመብራት ነው፣ አሁንም ስራዬ ስቴጅ ማናጀርነት ነው (ትርኢቱን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ማዘዝ)፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ተዋናይ ተዋናይ ሲል ያመኛል። ወንድና ሴት ባለበት ክበብ ብዙ ጊዜ መዶሻው፣ መሰላሉ፣ የድምፅ ማሽኑ ሳይነጋገሩ ወንዶቹ እጅ ይገባል፣ ሴቶቹ ልብስና ሜካፕ ላይ ይመደባሉ። እናንተ ጋ ይሄ የለም፣ መጋዙንም ገመዱንም የሚይዙት እነሱው ናቸው። ኮሪደር ላይ ለቆሙት ልጆች ስራው እኮ እዚህ ነው ያለው፣ ግን እንደ ማፅናኛ አትስጫቸው፣ ምዝገባው ላይ ከትወናው እኩል አስቀምጪው፣ የትርኢቱ ወረቀት ላይም ስማቸው እኩል ይውጣ።

ስቴጅ ማናጀሯን ቁም ነገረኛና ሰው የሚሰማትን ልጅ ምረጪ፣ የክፍል አንደኛ መሆን የለባትም። ስክሪፕቱ በሰፊ ህዳግ የተለጠፈበት አንድ ወፍራም ደብተር ይኑራት፣ ማን ከየት ገባ፣ የት ቆመ፣ መብራቱ የቱ ቃል ላይ ተቀየረ፣ ሁሉም በእርሳስ እዛ ይፃፋል (በእርሳስ ያልኩት በየቀኑ ስለሚቀየር ነው)፣ እሷ ብትታመም ሌላ ልጅ ያን ደብተር ይዛ ትርኢቱን መምራት እስክትችል ድረስ። ትዕዛዙ ሁለት ደረጃ አለው፣ መጀመሪያ "መብራት አራት ተዘጋጂ"፣ ቃሉ ሲደርስ "ሂጂ"፣ ሂጂ የሚለው ቃል በሌላ ወሬ መሃል ፈፅሞ አይነገርም። በትርኢቱ ምሽት አንቺ ተመልካች መሃል ተቀመጪ፣ ከዛ በኋላ አዛዧ እሷ ናት። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ ግን ከጀርባ ገብተሽ ማረም ከጀመርሽ ልጅቷ ያን ሁሉ ጊዜ የተማረችውን ትነጥቂያታለሽ።

የመብራቱን ሂሳብም ራሳቸው ይስሩት። 1000 ዋት የሆነ አንድ የመድረክ መብራት 220 ቮልት ላይ 4.5 አምፔር አካባቢ ይወስዳል፣ ስለዚህ የ10 አምፔር መስመር ላይ ከሁለት በላይ መሰካት አይቻልም፣ ሶስተኛው ሲበራ መስመሩ ይቋረጣል፣ ያውም በትርኢት መሃል ሊሆን ይችላል። ኤልኢዲ ከሆነ ፍጆታው በጣም ያነሰ ነው። የተሰቀለ መብራት ሁሉ ከዋናው ማሰሪያ ሌላ፣ ማሰሪያው ቢፈታ እንዳይወድቅ የሚይዘው የመጠባበቂያ ሽቦ ይኑረው፣ መሰላል ላይ ማንም ብቻዋን አትውጣ፣ የህንፃው ኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ ደሞ ባለሙያ ካልሆነ በቀር ማንም እጁን አይክተት።

ወላጅ ነኝ፦

መምህርት፣ እኔ በወላጅ በኩል ያለውን ልንገርሽ። ብዙዎቻችን ድራማውን ጠልተን አይደለም፣ ልጃችን መቼ እንደምትወጣ ስለማናውቅ ነው። አንድ ሰዓት ተብሎ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ስልክም ሳይነሳ ሲቀር፣ የዛን ቀን ነው ከክበቡ ውጪ የምንለው። ገና ሲጀመር የሙሉው ወቅት ፕሮግራም በወረቀት ይምጣልን፣ የልምምድ ቀን፣ የሚያልቅበት ሰዓት፣ ማን አብሯቸው እንደሚቆይ፣ የፈተና ሳምንታት ልምምድ እንደሌለ። እናም ሰዓቱ ይከበር፣ ትዕይንቱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቢቀረውም ይቁም፣ አንድ ወር ሙሉ በሰዓቱ ስትለቂያቸው ካየን በመጨረሻው ሳምንት ትንሽ ላምሽ ብትዪን እሺ እንላለን።

ልጄ ከነገረችኝ ደሞ፣ ለሁለት መስመር ንግግር ብላ ሶስት ሰዓት ቁጭ ብላ የምትውልበት ቀን ነበር። ትዕይንቶቹን በሰንጠረዥ አውጥተሽ የየቀኑ ትዕይንት ውስጥ ያሉትን ብቻ ብትጠሪ እኛም አንጨነቅ እነሱም ትምህርታቸውን ያጠናሉ። ልብስ መቀየሪያ የሚዘጋ በር ያለው ቦታ ይሁን፣ ማይክ ሰውነታቸው ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ሴት ትለጥፍላቸው ወይ እርስ በርስ ይረዳዱ። አልባሳት ሲመረጥ ልጅቷ የወር አበባዋ ላይ ብትሆንም ሳትሳቀቅ ልትጫወትበት የምትችል ይሁን፣ ነጭና ጠባብ ነገር ለምን ያስፈልጋል? ፎቶና ቪዲዮም እኛ ሳንፈቅድ ፌስቡክም ቴሌግራምም ላይ አይውጣ፣ ይሄን ከትርኢቱ በፊት ለተመልካቹ ይነገርልን።

የድራማ መምህር፦

ስለ ሁለት ሶስቱ ጎበዝ ልጆች ልመልስ። ችግሩ የሚጀምረው ከኦዲሽኑ፣ ከተዋናይ መረጣው ነው። አንድ በአንድ ጠርተሽ "በይ አንብቢ" ካልሽ የሚያሸንፉት ያልፈሩት ናቸው፣ ያልፈሩት ደሞ በፊት የተጫወቱት ናቸው። በቡድን አድርጊው፣ ስምንት ስምንት ሆነው ይግቡ፣ ጨዋታ ይጫወቱ፣ አንድን አጭር ትዕይንት ቦታ እየተቀያየሩ ይስሩት፣ አንቺ የምታዪው ማን ጮክ ብላ አነበበች የሚለውን አይደለም፣ ማን ጓደኛዋን ታዳምጣለች፣ አስተያየት ስትሰጫት ማን ቀይራ ትሞክራለች የሚለውን ነው። እንዲህ ሲሆን ማንም ያልጠበቃት ልጅ ትወጣለች። ጎበዞቹን ግን አትቅጫቸው፣ አንዷን ረዳት አዘጋጅ አድርጊያት፣ አንዷ አንድ ገፅ ብቻ ያላትን አስቸጋሪ ሽማግሌ ትጫወት፣ እነሱም ያድጉበታል።

ለብዛታቸው ሁለት ካስት (ያንኑ ቲያትር የሚጫወቱ ሁለት የተዋናዮች ቡድን) ማዘጋጀት ይቻላል፣ አርብ አንዱ ቡድን ቅዳሜ ሌላው።

ከመጋረጃ ጀርባ፦

ወንድሜ እዚህ ላይ አልስማማም። ሁለት ካስት ማለት ሁለት ቲያትር ማለት ነው፣ የልምምዱ ሰዓት ለሁለት ይከፈላል፣ ልጆቹም የአርቡ ይሻላል የቅዳሜው ይሻላል እያሉ ሲነፃፀሩ ይከርማሉ፣ ጓደኝነት ይበላሻል። ወላጅም የሚያወራው እሱን ነው።

የድራማ መምህር፦

ስለ ንፅፅሩ ያልሽው እውነት ነው፣ አስተባባሪዋ ብቻዋን ከሆነች ሁለት ካስት ባይሞከር እኔም ይሻላል እላለሁ። እንግዲያውስ መዘምራን፣ ማለትም በቡድን ሆነው የሚናገሩና የሚዘምሩ ተዋናዮች ያሉበት ስራ ይመረጥ። የግሪኮቹ ትራጀዲ የሚናገሩ ተዋናዮች ሶስት ብቻ ነበሩ፣ መዘምራኑ ግን መጀመሪያ 12 በኋላ 15 ሆነው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አካባቢ ከተመልካቹ ፊት አይጠፉም፣ ይጠይቃሉ፣ ያስጠነቅቃሉ፣ ያዝናሉ፣ ይዘምራሉ። ከኋላ ቆሞ "ህዝብ" ከመሆን ጋር አይገናኝም። መዘምራኑን ሰላሳ ብታደርጊያቸው ማን ይከለክልሻል፣ የመዘምራኑ ንግግር እየተከፋፈለ ለእያንዳንዷ የራሷ መስመር ይደርሳታል፣ አይን አፋሯም በጓደኞቿ መሃል ሆና ስለምትናገር ድምጿ ይወጣል።

አዲሷ አስተባባሪ፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ በተለይ መዘምራኑ ነገር አዲስ መንገድ ከፈተልኝ። አንድ ያልፃፍኩት ነገር አለ። ልጆቹ የራሳችንን ድራማ እንፃፍ ብለው ሀሳብ እያመጡ ነው፣ አንዷ ያመጣችው ታሪክ ግን የራሷ ቤት ታሪክ መሰለኝ፣ ቤት ውስጥ ስለምትደበደብ ልጅ ነው። ጎበዝ ተብሎ ይለፋል? ምን ላድርግ?

መድረክ ወዳድ፦

እህቴ ይሄን ነገ ዛሬ አትበዪው። ለብቻዋ፣ ግን በር ሳይዘጋ፣ አናግሪያት፣ ፅሁፏን እንዳነበብሽው ንገሪያት፣ ይሄ አንቺ ላይ የደረሰ ነው ወይ ብሎ በለሆሳስ መጠየቅ ይቻላል፣ መርማሪ ሆኖ መዘርዘር ግን አያስፈልግም። ለማንም አልናገርም ብለሽ ቃል አትግቢ፣ ብትነግርሽ ለትምህርት ቤቱ የህፃናት ጉዳይ ኃላፊ ወይም ካውንስለር ማሳወቅ ግዴታሽ ነው፣ ለማን እንደምትነግሪም አስቀድመሽ ግለጪላት። እቤት ደውለሽ ራስሽ እንዳታጣሪ፣ አደጋው እሷ ላይ ነው የሚወድቀው። ይሄ ከቲያትሩ በፊት ነው።

ቲያትሩን በተመለከተ፣ ታሪኩ ወደ መድረክ የሚሄድ ከሆነ የማንም ታሪክ አይሁን። ስሙ፣ ዕድሜው፣ ቦታው፣ የቤተሰቡ ሁኔታ ይቀየር፣ የብዙ ልጆች ሀሳብ ይቀላቀልበት፣ እሷም ራሷን ሆና አትጫወት፣ ይቅርብኝ ካለች የመጨረሻው ልምምድ ላይም ቢሆን ይውጣ። ብራዚላዊው የቲያትር ባለሙያ አውጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዳበረው ፎረም ቲያትር የሚባል አሰራር አለ፣ አጭር ድራማ ይታያል፣ የተበደለው ገፀ ባህሪ ሳይሳካለት ያልቃል፣ ከዛ ከመጀመሪያ ሲደገም ከተመልካቾቹ አንዷ "ቁሙ" ብላ መድረክ ላይ ወጥታ በሱ ቦታ ሌላ መንገድ ትሞክራለች። ለሴቶች ትምህርት ቤት ይሄ ወርቅ ነው፣ ልጆቹ አይሆንም ማለትን፣ ለማን እንደሚነገር፣ ጓደኛን እንዴት እንደሚረዱ በሰውነታቸው ይለማመዱታል። ግን በዳዩን ቀይሮ ደግ ማድረግ አይፈቀድም፣ እሱ ከተቀየረ የሚሞከር ነገር የለም።

አዲሷ አስተባባሪ፦

ዛሬውኑ ካውንስለሯን አገኛለሁ። ለርዕሰ መምህሩም ወንዶቹ እንደማያስፈልጉን አስረዳለሁ፣ ምክንያቱ አሁን ገብቶኛል። ፕሮግራሙን 12 ሳምንት አድርጌ ከፈተና በፊት ሶስት ሳምንት ቀድሞ እንዲያልቅ እያሰብኩ ነው፣ መጀመሪያ የጋራ ንባብ፣ ስድስተኛው ሳምንት ላይ ስክሪፕት ከእጅ ይወርዳል፣ የመጨረሻው ሳምንት በመብራትና በልብስ። ይበቃል?

ከመጋረጃ ጀርባ፦

ይበቃል፣ ግን መብራቱን ለመጨረሻው ሳምንት ብቻ አትተዪው፣ ተዋናዮቹ ሳይኖሩ መብራቱንና ድምፁን ብቻ ለመሞከር አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልጋል፣ ከአስራ አንደኛው ሳምንት ቅዳሜ ቁረጪለት። ስቴጅ ማናጀሯን ደሞ ከተዋናዮቹ በፊት ምረጪ፣ በመጀመሪያው የጋራ ንባብ ቀን ደብተሯን ይዛ አጠገብሽ ትቀመጥ።