«ጎፑራም»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

መንገደኛዋ፦ የቃላት ሰዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ትምህርት ላይ ያለሁት በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ነው። ሰሞኑን ስሪራንጋም የተባለውን ጥንታዊ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ጎብኝቼ መጣሁ። ቲሩቺራፓሊ ከተማ አጠገብ፣ ካቬሪና ኮሊዳም በተባሉ ሁለት የወንዝ ክፋዮች መካከል ባለ ደሴት ላይ ነው። የጉዞ ማስታወሻ ልጽፍ ብል ቃል አጠረኝ። ቤተ መቅደሱ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሠሩ 7 ቅጥሮች አሉት። በሮቹ ላይ ሽቅብ እየጠበበ የሚሄድ፣ ከታች እስከ ላይ ቀለም በተቀቡ ምስሎች የተሸፈነ ሕንጻ ይቆማል፤ «ጎፑራም» ይሉታል። በጠቅላላው 21 ናቸው። ትልቁ 73 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ተጀምሮ ለዘመናት ሳያልቅ ኖሮ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። «ግንብ» ብለው ጎንደር ይመጣብኛል፤ «ማማ» ብለው የማሽላ ጠባቂ ከነወንጭፉ ይታየኛል። ምን ይሻላል?

የቆሎ ተማሪ፦ እኅቴ፣ ደጀ ሰላም እያለልሽ ምን አስጨነቀሽ? የቅጥሩ መግቢያ ላይ የሚሠራ ቤት ነው፤ ምእመኑ ተሳልሞ የሚያልፍበት፣ ነዳያን የሚጠለሉበት። 7ቱን ቅጥር ደግሞ «ዐጸድ» በያቸው።

ፊደል ቆጣሪ፦ ደጀ ሰላም ይሁን፣ ቁመቱን ግን አይነግረንም። «በደጀ ሰላሙ ላይ የተነሣ ጎፑራም» ብትል ሁለቱም ይተርፋሉ። «ዐጸድ» ላይ አልስማማም። ዐጸደ ወይን ስንል እንደምንሰማው ቃሉ አትክልት አትክልት ይሸታል። እኔ እንደማውቀው በስሪራንጋም የውጭዎቹ ቅጥሮች ሰው የሚኖርባቸው፣ የሚነገድባቸው ሰፈሮች ናቸው። እዚያ ዛፍ ፈልጎ የሚሄድ አንባቢ ሞተር ብስክሌት ይገጨዋል! «ቅጥር» ይበቃል።

መንገደኛዋ፦ እውነት ነው፤ አበባ ጎንጓኞችና ሱቆች አልፌ ነው ጫማ ማውለቂያው የደረስኩት። ሌላው ጭንቄ ውስጥ ያለው የቪሽኑ፣ የሂንዱዎቹ አምላክ፣ ምስል ነው። አዲሼሻ በተባለው እባብ ላይ ተጋድሞ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ነው የተቀረጸው። ታሪኩን እንዲህ ይተርኩታል፦ የላንካ ንጉሥ ቪቢሻና ምስሉን ይዞ በስተ ደቡብ ወዳለችው አገሩ ሲመለስ በዚህ ደሴት ላይ አሳረፈው፤ ከዚያ ወዲያ ከመሬት አልነቀል አለው። ቪሽኑም ሲያዝንበት አይቶ «ወደ አገርህ ፊቴን አዞርልሃለሁ» አለው። ታዲያ «የተኛ ጣዖት» ብዬ ልጻፍ?

ፊደል ቆጣሪ፦ ሁለቱንም ቃል ይተዉ። «ጣዖት» የዕቃ ስም አይደለም፤ ፍርድ ነው። ሰባኪ ቢለው ያምርበታል፤ የጉዞ ጸሐፊ ሲለው ግን ሊያየው የሄደውን ሳያይ እንደተመለሰ ይቆጠራል። «ምስል» ይበሉ። «የተኛ» ደግሞ ከነሐሳቡ ስሕተት ነው። እነሱ የቪሽኑን እንቅልፍ «ዮጋ ኒድራ» ይሉታል፤ ዓለምን ሳይረሱ ማረፍ ነው። አማርኛ ለዚህ «ጋደም አለ» የሚል አለው። ጋደም ያለ ሰው ቢጠሩት ይሰማል፤ የተኛ ግን ይቀሰቀሳል።

የቆሎ ተማሪ፦ ይህስ ግሩም ነው፤ እጄን ሰጥቻለሁ።

መንገደኛዋ፦ ምስሉ ሁለት ነው። ጋደም ያለው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ናምፔሩማል የሚባለው ትንሹ ግን በበዓል ቀን ተሸክመውት ይወጣል። «ታቦት እንደሚወጣው» ልል አሰብኩ።

የቆሎ ተማሪ፦ እሱን አትንኪ። ደጃፉንና ቅጥሩን ብታውሺ የሚቆጣ የለም፤ ታቦት ግን ምሳሌ የለውም። «ዑደት» በቂ ነው፤ ዞሮ መመለሱን ይናገራል።

ፊደል ቆጣሪ፦ በዚህስ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ፕራሳዳምን ግን «ጸበል ጸዲቅ» ብንለው? ለአምላክ ቀርቦ ለሰው የሚታደል ምግብ ነው።

መንገደኛዋ፦ የደረሰኝ ሩዝ በጥቁር ስኳር የተቀቀለ፣ ቅቤው ጣት ላይ የሚቀር፣ ካሽው ጣል ጣል ያለበት ነበር። ጠላና ዳቦ የሚጠብቅ አንባቢ ይደናገራል፤ ስለዚህ «ፕራሳዳም» ብዬ አንድ ጊዜ እፈታዋለሁ። «ዳርሻን»ስ? አምላክን አይቶ በአምላክ መታየት ነው ይላሉ። «ተሳለምኩ» ይሆናል?

የቆሎ ተማሪ፦ አንቺ ውስጥ ገባሽ እንዴ?

መንገደኛዋ፦ የለም፤ ሂንዱ ያልሆነ ሰው ውስጠኛው ክፍል አይዘልቅም።

የቆሎ ተማሪ፦ እንግዲያስ ያንቺው ዳርሻን ሳይሆን ደጅ ጥናት ነው። በአገራችንም መቅደሱ የካህናት ነው፤ አይክፋሽ።

ፊደል ቆጣሪ፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ «ደሴት» ላይ ይጠንቀቁ። አንባቢያችን ደሴት ሲባል ልቡ ጣና ነው፤ ዳጋ እስጢፋኖስን አስቦ ታንኳ ይጠብቃል። ታሚሎች ግን በወንዝ መካከል ላለ ደሴት «አራንጋም» የሚል ቃል አላቸው፤ መድረክ ማለትም ነው። ለቦታው ስም የትኛው እንደቀደመ ይከራከሩበት፤ እርስዎ ግን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ «በድልድይ ተሻግሬ» የሚለውን ያስገቡ።

መንገደኛዋ፦ እሺ፤ በአውቶቡስ መሻገሬንም እጽፋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አንዱ አዳራሽ ምሰሶዎቹ ከድንጋይ የተፈለፈሉ ፈረሶች ናቸው። የፊት እግራቸውን ሽቅብ ሰቅለው፣ ጋላቢው ከላይ ጦሩን ሲሰብቅ፣ ከኮቴያቸው ሥር ሰዎች ከአውሬ ጋር ሲታገሉ ይታያሉ። «ሰጋር ፈረስ» ልበል?

የቆሎ ተማሪ፦ ኧረ በፈጠረሽ! ሰጋር ተቀማጩን ሳያንገጫግጭ የሚሄድ ነው፤ ለበቅሎ ሙገሳ እንጂ ለጦር ፈረስ አይሆንም። «በኋላ እግሩ የቆመ» በዪና እለፊ።